ከውሻ ጋር የቦይ ጀልባ ዕረፍት በእንግሊዝና በዌልስ፦ ከምዝገባ እስከ መመለሻ

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የቦይ ጀልባ ለዕረፍት ለመከራየት ፈቃድ አያስፈልግም። ኪራይ ቤቱ ሞተሩን፣ መሪውን፣ ገመዱን ያሳያችሁና ትነሳላችሁ። ገለጻው ግን ስለ ጀልባው ነው። ስለ ውሻው የሚነግራችሁ የለም። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ውሻው መናፈሻ እንደሚሄድ ተይዞ ይመጣል። ከዚያ አንዱ መሪ፣ ሌላው ገመድ ይዞ በተጨነቀበት ሰዓት ውሻው በመሃል ይሯሯጣል፤ ወይ ውሃ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ ያዙ። ጀልባው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ሁሉ ውሻው የታወቀ ቦታና የታወቀ ኃላፊ ይኑረው። ከታች ያለው በሙሉ ይህን ሕግ እንዴት እንደምታስከብሩ ነው።

መጀመሪያ ሦስት ቃላት። ናሮውቦት ማለት ስፋቱ 2 ሜትር ከትንሽ፣ ርዝመቱ እስከ 21 ሜትር የሚደርስ የብረት ጀልባ ነው። ሎክ ማለት ውሃ እየሞላና እየጎደለ ጀልባውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያደርስ ባለ በር ገንዳ ነው። ቶውፓዝ ደግሞ ቦዩን ተከትሎ የሚሄደው የእግር መንገድ ነው።

1. መንገዱን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሎክ የበዛበትን መስመር ተዉት። ዴቪዝስ ከተማ አጠገብ ያለው ኬን ሂል ብቻ 29 ሎክ አለው። በርሚንግሃም አቅራቢያ ያለው ታርዴቢግ 30 ሎክ በተከታታይ አለው። እነዚህ ለሌላ ዓመት ይቆዩ።

ለጀማሪ የሚመቹ ሁለት ቦታዎች አሉ፦

- ከቸርክ ወደ ላንጎለን። ሰሜን ዌልስ ነው። በዚህ ክፍል ሎክ የለም። ዋሻና አንድ በጣም ከፍ ያለ የውሃ ድልድይ (ቦዩን ራሱን ከነጀልባው ተሸክሞ ከወንዝ በላይ የሚያሻግር ድልድይ) ግን አለ፤ እሱን ተራ ቁጥር 8 ላይ እንመጣበታለን።
- የመንመዝሸርና ብሬከን ቦይ። ደቡብ ዌልስ፣ ተራራማ አገር። 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ያለው ሎክ ስድስት ብቻ ነው። ከሌሎች ቦዮች ጋር ስለማይገናኝ የጀልባ ግርግርም ያንሳል።

ለንደን የምትኖሩ «እዚሁ ሬጀንትስ ካናል አለልን» እንዳትሉ። ጀልባ ላይ የሚኖረው ሰው ብዙ ስለሆነ ማታ ማሰሪያ ቦታ ማግኘት ፈተና ነው። መንገዱም በብስክሌት የተጨናነቀ ነው። ውሻ ይዞ ለሚማር ሰው አይሆንም።

የቀኑን ጉዞ እንዲህ አስሉ። ማይሉንና የሎኩን ቁጥር ደምሩ፤ ለ3 አካፍሉ፤ የሚመጣው ሰዓት ነው። 9 ማይልና 6 ሎክ ቢኖር 5 ሰዓት ይፈጃል። ውሻ ላለው ሰው በቀን ከ5 ሰዓት በላይ አታቅዱ። የቦይ የፍጥነት ገደብ በሰዓት 4 ማይል ስለሆነ የባከነ ሰዓት በፍጥነት አይካካስም።

2. ጀልባውን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ

አብዛኞቹ አከራዮች ውሻ ይፈቅዳሉ። ቢሆንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አረጋግጡ፦

1. ስንት ውሻ ይፈቀዳል? ለእያንዳንዱ ስንት ይከፈላል?
2. አልጋና ሶፋ ላይ ቢወጣ የጽዳት ቅጣት አለ?
3. ለውሻ ላይፍ ጃኬት ታከራያላችሁ? ካላከራዩ ራሳችሁ ግዙ።
4. የኋላው ደረጃ ምን ያህል ቀጥ ያለ ነው? ያረጀ ወይም ከባድ ውሻ ካላችሁ ይህ ጥያቄ ወሳኝ ነው። የናሮውቦት ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ውሻ መውጣቱን ይችላል፣ መውረዱን ይፈራል።
5. የኋላው መቆሚያ ዓይነቱ ምንድን ነው?

አምስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ሦስት ዓይነት አለ። ትራድ የሚባለው ጠባብ ነው፤ ከመሪው ሰው ሌላ አያስቆምም። ክሩዘር የሚባለው ሰፊ ነው፤ ዙሪያው ግን ክፍት ነው። ሴሚ ትራድ የሚባለው ግድግዳ አለው። ከተገኘ ሴሚ ትራድ ውሰዱ፤ ውሻው ከመሪው ሰው እግር ስር ሳይርቅ በግድግዳ ተከልሎ ይቀመጣል።

*አብረዋችሁ ስለሚሄዱ ሰዎች።* ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ግቢ በሚጠብቅበት ቤት ነው። አክስት ወይም አማት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ውሻው ከእሳቸው ጋር 2 ሜትር በማይሞላ ኮሪደር ውስጥ እንደሚተላለፍ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ኩሽና ይገባል ወይ? ማታ የት ይተኛል? ቤት ሳላችሁ ተስማሙ። ውሻ የሚፈራ ሰው ካለ በር የሚዘጋ መኝታ ያለው ጀልባ ያዙ።

3. ውሻውን አዘጋጁ

ይህን ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ።

*ክትባት።* የቦይ ውሃና ዳርቻው አይጥ አያጣውም። በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ ውሻንም ሰውንም ይይዛል። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ጊዜው ካለፈ ወይም ውሻው ጨርሶ ካልተከተበ፣ በሳምንታት ልዩነት ሁለት መርፌ ሊያስፈልግ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪሙን ቀደም ብላችሁ አግኙ። የመዥገር መከላከያም አብራችሁ ጠይቁ።

*መታወቂያ።* በአደባባይ የሚሄድ ውሻ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት ምልክት አንገቱ ላይ እንዲኖር ሕጉ ያዛል። ማይክሮቺፕም ግዴታ ነው። ምልክቱ ላይ የሞባይል ቁጥራችሁን ጨምሩ። ማይክሮቺፑ የተመዘገበበት ቦታ ያለው ስልክ የአሁኑ መሆኑን አረጋግጡ። ቤት የቀየረ ሰው ይህን መርሳቱ የተለመደ ነው።

*ሁለት ትእዛዝ።* «ቆይ» እና «ቦታህ»። ሌላ ባይችልም እነዚህን ይቻል። በር ላይ፣ መኪና በር ላይ፣ ደረጃ ላይ አለማምዱት፤ ካልተባለ አይውጣ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ፣ ወላጆች በአማርኛ የሚያዙት ውሻ ከሆነ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ። በጭንቅ ሰዓት ውሻው ሁለት ቋንቋ ሊያማርጥ አይችልም።

*ላይፍ ጃኬት።* ጀርባው ላይ ጠንካራ እጀታ ያለውን ግዙ። ውሻውን ከውሃ የምታወጡት በዚያ እጀታ ነው። ቤት ውስጥ አልብሱትና በእጀታው ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከተንሸራተተ ወይም ከአንገቱ ካመለጠ ልኩ አይደለም። ለብሶ መብላትና መተኛት እስኪለምድ በየቀኑ አልብሱት።

*«ውሻዬ ዋናተኛ ነው» አትበሉ።* የቦይ ዳር ቀጥ ያለ ብረት ወይም ድንጋይ ነው። ዋናተኛውም ውሻ መውጫ አያገኝም፤ ጠርዙን እየቧጠጠ ይደክማል። ውሃው በበጋም ቀዝቃዛ ነው።

ከአውሮፓ በመኪና የምትመጡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በኋላ 21 ቀን መቆየት አለበት። ከጥቂት አገሮች በስተቀር፣ ብሪታኒያ ከመግባታችሁ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪም የኮሶ ትል መድኃኒት ሰጥቶ ሰነዱ ላይ መመዝገብ አለበት። ሰዓቱ ካለፈ ድንበር ላይ ትመለሳላችሁ።

4. ምን ትይዛላችሁ?

- የደረት ማሰሪያ። ገመዱን ከአንገት ቀበቶ ጋር አታያይዙ፤ ውሻው ከጠርዝ ቢወድቅ ይታነቃል።
- አጭር መያዣ ገመድ፣ ሁለት። የሚረዝመውንና የሚጠቀለለውን ቤት ተዉት፤ ከመሪው ዘንግ ጋር ይተበተባል፣ ውሃ ውስጥ ከገባም ፕሮፔለር ይይዘዋል።
- የራሱ ምንጣፍ። ቤት የሚተኛበትን፣ ሳይታጠብ። ጠረኑ ያረጋጋዋል።
- አሮጌ ፎጣ፣ ከምታስቡት በላይ ብዙ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አንድ ይሄዳል።
- ንጹሕ የመጠጥ ውሃና የማይገለበጥ ሳህን። የቦይ ውሃ አታጠጡት።
- የመዥገር መንቀያ፣ የቆሻሻ ማንሻ ከረጢት፣ ተንጠልጣይ የእጅ ባትሪ።
- በምታልፉባቸው ከተሞች ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ስልክ፣ በወረቀት ተጽፎ። ገጠሩ ላይ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።

*የምግብ ማስጠንቀቂያ።* ወጥ ይዛችሁ ወይም ልትሠሩ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ደሙን ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ጠባቡ ኩሽና ውስጥ የተከተፈ ሽንኩርት መሬት ከወደቀ ከእናንተ ቀድሞ የሚያየው ውሻው ነው። የወጥ ትርፍራፊ፣ ዘቢብና ቸኮሌት አትስጡት። የቆሻሻ ከረጢቱን አንጠልጥሉት።

5. የመጀመሪያው ቀን

ከመነሳታችሁ በፊት ውሻውን ረጅም መንገድ አስኬዱት። የደከመ ውሻ ይተኛል።

1. አንድ ሰው ገለጻውን እያዳመጠ ሌላው ውሻውን ከጀልባው ራቅ አድርጎ ይያዘው። ገለጻ ላይ ውሻ የያዘ ሰው ግማሹን አይሰማም።
2. ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ውሻውን አስገቡት። ከዳር እስከ ዳር ያሽትት።
3. ምንጣፉን የሰው መተላለፊያ ባልሆነ ጥግ አንጥፉ። «ቦታህ» የሚባለው ከዚህ በኋላ ይህ ነው።
4. ሞተሩን አስነሱ፤ ጀልባው ታስሮ እንዳለ 10 ደቂቃ ይቆይ። ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ይልመደው።
5. ከዚያ ተነሱ። የመጀመሪያው ጉዞ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ።

*ካልተረጋጋ፦* ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያለከልክ ወይም ቢጮህ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። አሁንም ካልተረጋጋ ጀልባውን አስሩና ያ ሰው ውሻውን ይዞ በቶውፓዝ ይሂድ። ጀልባው የሚሄደው በእግረኛ ፍጥነት ስለሆነ አትጠፋፉም። ብዙ ውሻ በማግስቱ ይለምዳል።

6. መውጣትና መውረድ

ውሻ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው። ምክንያቱም ጀልባው ዳሩን ገና ሳይነካ ይዘላል። ጀልባው ካልታሰረ፣ የፊት እግሩ መሬት፣ የኋላው ጀልባ ላይ ሆኖ ሲያመነታ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ሌላም አለ። ዳሩ ላይ የበቀለው ረጅም ሣር ወደ ውሃው ተንጠልጥሎ ጠርዙን ይሸፍነዋል፤ ውሻው መሬት መስሎት የሚረግጠው ባዶውን ነው። በበጋ ደግሞ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አረንጓዴ ቅጠል ሜዳ ይመስላል። ከተማ ያደገ ውሻ በእርግጠኝነት ሊሄድበት ይሞክራል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ በየጊዜው፣ ሳይለወጥ፦

1. ጀልባው ዳር እስኪደርስ ውሻው ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ።
2. ሰው ይውረድ፤ ረግጦ እንጂ ዘልሎ አይደለም። የመሃሉን ገመድ ይሳብ፤ ጀልባው ዳሩን ይንካ።
3. ፊትና ኋላው ይታሰር።
4. ውስጥ ያለው ሰው መያዣውን የደረት ማሰሪያው ላይ ይሰካ፤ ጫፉን ዳር ላለው ሰው ያቀብል።
5. «ቆይ»። ከዚያ «ና»። ገመዱ ላላ ይበል፤ ከጎተታችሁት ይቃወማል፣ ሚዛኑንም ይስታል።

ትንሽ ውሻ ከሆነ በእጀታው አንሥታችሁ አቀብሉት። መግባትም በዚሁ ተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ውሻ፣ ከዚያ ገመድ ይፈታል።

*በጀልባውና በዳሩ መካከል ከወደቀ፦* ሞተሩ ይጥፋ። ዳር ያሉት ጀልባውን ወደ መሃል ይግፉት፤ ብዙ ቶን የሚመዝን ብረት ተመልሶ እንዳይጨፈልቀው። ከዚያ በእጀታው ጎትታችሁ አውጡት።

7. ሎክ ላይ

ጠዋት ሳትነሱ ከሁለት አንዱን ምረጡ፤ መሃል ላይ አትቀይሩ።

*ሀ. ውስጥ ይቆያል።* ከሎኩ 100 ሜትር ሲቀራችሁ «ቦታህ»፣ ሁለቱም በር ይዘጋ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ምርጫችሁ ሁሌም ይህ ነው።

*ለ. ዳር ይቆያል።* አንድ ሰው ከሎኩ በፊት ውሻውን ይዞ ይውረድና ከጠርዙ ብዙ ሜትር ርቆ ይቁም። ያ ሰው ሌላ ሥራ የለውም። በር አይገፋም፣ ገመድ አይዝም፣ ፎቶ አያነሣም።

ምን አታድርጉ?

- ውሻውን በሩ የሚገፋበት ረጅም ግንድ ላይ አትሰሩ። ግንዱ ይንቀሳቀሳል፤ ውሻውን ወደ ጠርዙ ይጠርገዋል።
- የጀልባው ገመድ የሚጠመጠምበት ምሰሶ ላይም አትሰሩ።
- ልቅ አትተዉት። እናንተ በበሩ ላይ ወደ ማዶ ስትሻገሩ ይከተላችኋል። መሻገሪያው ጠባብ ጣውላ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ገንዳ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሜትር ይጠልቃል።
- ጣሪያ ላይ አትሰሩት። ከጣሪያው ቢዘል ወይም ቢወድቅ በገመዱ ይንጠለጠላል።

ስትወርዱ የመሪው ሰው ዓይን ሎኩ ግድግዳ ላይ ካለው ነጭ መስመር አይነሣ። ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ ደፍ አለ፤ የጀልባው ኋላ እሱ ላይ ከተንጠለጠለ ጀልባው ይገለበጣል። በዚህ ሰዓት ውሻው ቢጮህ እንኳ ዞር ብላችሁ አትዩ።

*ሎክ ውስጥ ከወደቀ፦*

1. «ዝጉ!» ብላችሁ ጩኹ። የውሃ ማሳለፊያዎቹ ሁሉ ወዲያው ይዘጉ።
2. ማርሹ ኒውትራል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጥፋ። ወደ ኋላ ማርሽ በፍጹም አታስገቡ።
3. ማንም አይዝለል። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው አዳላጭ ነው።
4. ውሻውን ረጋ ባለ ድምፅ ወደ ጀልባው ጎን ጥሩት። የጀልባውን መንጠቆ ጃኬቱ እጀታ ላይ አስገብታችሁ ሳቡት።
5. ካልደረሳችሁበት፣ ውሃው ሲረጋ ብቻ፣ አንድ ሰው ላይፍ ጃኬት ለብሶ ግድግዳው ላይ ባለው መሰላል ይውረድ።

ሰው ከተጎዳ ወይም ውሃ ውስጥ ከገባ 999 ደውሉ። አብዛኛው የቦይ ድልድይ ላይ ቁጥር አለ። የቦዩን ስምና የቅርቡን ድልድይ ቁጥር ንገሯቸው። ስለዚህ ባለፋችሁ ቁጥር የድልድዩን ቁጥር የማየት ልማድ ይኑራችሁ።

8. ዋሻና የውሃ ድልድይ

ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት የውስጡን መብራት አብሩ፤ ውሻው ውስጥ ይሁን። የሞተሩ ድምፅ ዋሻ ውስጥ እጥፍ ስለሚሆን አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ።

በላንጎለን መስመር ያለው የፖንትከሰልቴ የውሃ ድልድይ 307 ሜትር ይረዝማል፤ ከወንዙ በላይ 38 ሜትር ከፍ ይላል። በአንድ ወገን የእግር መንገድና የእጅ መደገፊያ አለ። በሌላው ወገን ከብረቱ ጠርዝ ወዲያ ምንም የለም። ውሻው ውስጥ ይዘጋ፤ መስኮቶቹም ይዘጉ። ልጆችም እንዲሁ ወደ ውስጥ ይግቡ ወይም እጃቸው ይያዝ። ውሻው መሻገሩን ካልወደደ አንድ ሰው በአጭር ገመድ ይዞት በእግረኛው መንገድ ይሻገር።

9. ቶውፓዝና ማታ

ቶውፓዝ ላይ ገመድ አትፍቱ። ብስክሌት በድልድይ ሥር ድንገት ይመጣል። ዓሣ አጥማጆች ባሉበት መንጠቆና ማጥመጃ ምግብ መሬት ላይ ስለሚኖር ውሻውን በሌላው ጎናችሁ አድርጉ። በጸደይ ስዋኖች ጎጆ ላይ ናቸው፤ ከተጠጋችሁ በክንፋቸው ይማታሉ። በግና ላም ያለበት ሜዳ ላይም ገመዱ አጭር ይሁን፤ ላም ከከበባችሁ ግን ልቀቁት፣ እሱ ያመልጣል።

ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል አረፋ ካያችሁ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሊሆን ይችላል። ውሻ ይገድላል። አይጠጣ፣ አይግባ። ገብቶ ከሆነ እንዳይልስ ወዲያው በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ምልክት ሳትጠብቁ ሐኪም ጋር ደውሉ።

ፀሐያማ ቀን ጀልባው ብረት መሆኑን አስታውሱ። ጣሪያው መዳፍ ያቃጥላል፣ ውስጡም ይግላል። ውሻውን ዘግታችሁበት ምሳ አትሂዱ። ቦይ ዳር ያሉ ብዙ ፐቦች ውሻ ያስገባሉ፤ ጠይቁና ይዛችሁት ግቡ።

ሳይጨልም እሰሩ። ለመጨረሻው የማታ መውጫ ባትሪና ላይፍ ጃኬት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከመተኛታችሁ በፊት ጆሮውን፣ ብብቱንና ጣቶቹ መካከል በእጃችሁ ዳስሱ፤ መዥገር አለ።

*ከጠፋባችሁ፦* ጀልባውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ። አንድ ሰው መጨረሻ ከታየበት ቦታ ይቁም፣ ምንጣፉንም እዚያ ያንጥፍ። ሌሎቹ ቶውፓዙን በሁለቱም አቅጣጫ ይሂዱ። የማይክሮቺፕ መዝገቡ ጋር፣ የአካባቢው ምክር ቤት ጋርና ቅርብ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጋር ደውሉ።

10. ስትመለሱ

መልሳችሁ በምታስረክቡበት ጠዋት ፀጉሩን ከሶፋው ጥረጉ፤ የወለሉን ጭቃም አንሡ። የጽዳት ክፍያ የሚመጣው ከዚህ ነው። ውሻውን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ጆሮውን አድርቁ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ተከታተሉት። ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ምግብ መተው፣ ወይም የዓይኑና የድዱ መቢጨት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ቦይ ውሃ ውስጥ እንደነበረም ንገሩ። ከእናንተም መካከል ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከተሰማው ለሐኪሙ ይህንኑ ይናገር።